ለቪዲዮ ሠሪ ልጆቼ፦ ደብተሩ በእናንተ እጅ ይሁን

ውድ ልጆቼ፤

ከካሜራና ከኤዲቲንግ ጠረጴዛ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ሥራ ስጀምር የምንቆርጠው ከቤታካም ካሴት ላይ ነበር፤ ከዚያ የቪሲዲ ዘመን መጣ፣ እሱም አለፈ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እየመጣችሁ «ዩቲዩብንና ቲክቶክን ትተን የት እንሂድ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ከምሬት የመጣ መሆኑ ይገባኛል። አንዷ የደከመችበት ቪዲዮ ያለ በቂ ማብራሪያ ወርዶባታል፤ አንዱ የማስታወቂያ ገቢው በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ቀንሶበታል፤ ሌላው ትናንት መቶ ሺህ ሰው ያየለት ዓይነት ሥራ ዛሬ ሁለት መቶ ሰው እንኳ ሳያየው ቀርቶ ምክንያቱን የሚነግረው አጥቷል። ለየአንዳንዳችሁ በቃል የመለስኩትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ የምጽፍላችሁ፣ «የት እንሂድ» የሚለው አነጋገር ራሱ ስለሚያሳስበኝ ነው። ከአንዱ ግቢ ወጥቶ በሌላው ግቢ ደባል መሆንን እንደ መፍትሔ ቆጥረው ዳግመኛ የተጎዱ ሰዎችን አይቻለሁ።

በመጀመሪያ በእኛ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ስለ እጅ ሙያ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች እየሠራን በአንድ ትልቅ የቪዲዮ መድረክ ላይ እንጭን ነበር፤ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ስለ ሸክላ ሠሪዎች፣ ስለ በገና ጠራቢዎች። ቻናሉን የከፈትነው አሜሪካ በሚኖር የአንዱ ባልደረባችን የአክስት ልጅ ስም ነው፤ የማስታወቂያ ገቢ አገር ቤት ሆኖ በቀጥታ መቀበል ስላልተቻለ ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር። አንድ ሌሊት በሦስት ቪዲዮዎቻችን ላይ የቅጂ መብት ክስ መጣብን። የተከሰስንበት ዜማ አንዲት እናት ጥጥ እየፈተሉ ሲያንጎራጉሩ እኛው ራሳችን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን የቀዳነው ነው። ገብተን እንዳንከራከር የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ አክስቱ ልጅ ስልክ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበር ስልኩን ዘግቶታል። ጠዋት ስንነሳ ቻናሉ የለም። መቃወሚያችንም ከቀናት በኋላ በሁለት መስመር እንግሊዝኛ ውድቅ ተደረገ።

ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን መዘጋቱ አልነበረም። ሃርድ ዲስክ እየሞላብን «ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል» ብለን የአሥራ አንድ ፊልሞችን ዋና ፋይል ደምስሰን ነበር። ከእነዚያ መካከል በአንዱ ላይ የታዩት ሽማግሌ ሸማኔ ከዚያ በፊት አርፈዋል፤ ልጃቸው የአባቷን ምስል ልትጠይቀን ስትመጣ የምንሰጣት አልነበረንም። ስለዚህ ስለ መድረክ አማራጭ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እላችኋለሁ፦ ዋናው ፋይል፣ ጥራቱ ሳይቀነስ፣ በሁለት ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ዲስኮችም በአንድ ቤት ውስጥ አይደሩ።

በዚያ ሰሞን ያተረፈን አንድ ደብተር ነው። ከባልደረቦቼ አንዷ በቪሲዲ ዘመን የፊልም ሱቅ ነበራት። ደንበኛ ሲመጣ ስሙን፣ ስልኩንና የወሰደውን ፊልም ባለ መስመር ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር፤ ያ ልማድ ስላልለቀቃት በቻናላችን ላይ ቁም ነገር ያለው አስተያየት የሚጽፉ ሰዎችንም በትሕትና እየጠየቀች ስልካቸውን ወይም ኢሜይላቸውን ትመዘግብ ነበር። እኛ ለምን እንደምትደክም አይገባንም ነበር። ቻናሉ ሲጠፋ ተከታዮቻችን ከሠላሳ ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ ልናገኛቸው የምንችለው ደብተሩ ላይ ያሉትን 412 ሰዎች ብቻ ነበር። አንድ በአንድ ደወለች። አንድ ጎንደር የሚያስተምሩ መምህር «ሥራውን የተዋችሁት መስሎኝ አዝኜ ነበር» አሏት። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ደግሞ የሚቀጥለውን ፊልም ዋጋ ሳይነገራት አስቀድማ ላከች። ቀጣዩን ፊልም የሠራነው እነዚያ ሰዎች ባዋጡት ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ከዚህ ደብተር ጋር የተያያዘ ነው። አማራጭ የምትሉት ሌላ መድረክ ከሆነ ፍለጋችሁ ማለቂያ የለውም። ማንም ሊቆርጠው የማይችል፣ ከእናንተ ወደ ተመልካቻችሁ በቀጥታ የሚያደርስ መንገድ ካላችሁ ግን የትኛውንም መድረክ ሳትፈሩ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ማንም ሰው ያለ ክፍያ ቪዲዮውን ለዓለም የሚያሳይበት ቦታ ሆኖ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ቆይቶም የማስታወቂያ ገቢውን ከሠሪዎች ጋር መካፈል ጀመረ፤ ዛሬ ከረዥም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለሠሪው ነው። ይህን በቅንነት ማመስገን ይገባል፤ በእኛ ዘመን ከቪሲዲ ሽያጭ ለሠሪው የሚደርሰው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር፣ ገና ፊልሙ ሳይወጣ ተባዝቶ በየመንገዱ ይሸጥ ነበርና። ነገር ግን በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ደንቡን ለውጦ አንድ ሺህ ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ሺህ የታየ ሰዓት የሌለው ቻናል ከገቢው እንዳይካፈል ሲወስን፣ በጣም ብዙ ትንንሽ ቻናሎች ትናንት የነበራቸውን ገቢ አጡ። ደንቡን ያወጣው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ተከራይ አይጠየቅም።

ባለቤቱ ቤቱን የዘጋበትም ጊዜ አለ። ብሊፕ የሚባል መድረክ ነበር፤ ከዩቲዩብ ጋር በአንድ ዓመት የተጀመረ፣ ለነጻ ተከታታይ ፊልም ሠሪዎች ተብሎ የተቋቋመ፣ ገቢውን እኩል የሚያካፍል። ብዙዎች «የእኛ ቤት» ይሉት ነበር። ሌላ ኩባንያ ገዝቶት በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የስድስት ሰከንድ ቪዲዮዎች ማሳያ የነበረው ቫይንም ትዊተር ከገዛው በኋላ በ2017 መጀመሪያ ላይ ቆመ፤ በላዩ ዝና ያገኙ ወጣቶች ተከታዮቻቸውን ይዘው መውጣት የቻሉት አስቀድመው ሌላ ቦታ የለመዱት ብቻ ናቸው። ህንድ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ቲክቶክን ስታግድ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሥራ የፈቱት የገጠር ልጆች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ምንም ደንብ አልጣሱም ነበር።

የእኛንም አገር አትርሱ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአንድነት ሲታገዱ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆይቷል። ቪፒኤን የሚያውቅ ሰው እየተንገታገተ ያይ ነበር፤ የእናቴ ዕድሜ ያላቸው ተመልካቾች ግን አላዩም። ያን ጊዜ «ከዩቲዩብ ወጥተን ቴሌግራም ገብተናል፣ ነጻ ወጥተናል» ይሉ የነበሩ ልጆች አብረው ነው የተዘጋባቸው። የተመልካቾቹ ስልክ ቁጥር የነበረው ሰው ግን አጭር መልእክት መላክ ይችል ነበር።

አሁን ወደ አማራጮቹ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ፒርቲዩብ ስለሚባለው ጠይቃችሁኛል። ፍራማሶፍት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ የፈረንሳይ ማኅበር በሕዝብ መዋጮ እየተደገፈ ያዘጋጀው የቪዲዮ ማሳያ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። ማንም ሰው በራሱ ሰርቨር (ቪዲዮው ተቀምጦ በኢንተርኔት ለተመልካች በሚላክበት ኮምፒውተር) ላይ ሊጭነው ይችላል፣ የተለያዩ ሰዎች የጫኑባቸው ሰርቨሮችም ተያይዘው አንዱ የሌላውን ቪዲዮ ያሳያል። አንድ ባለቤት ስለሌለው በአንድ ሰው ውሳኔ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ሆኖም ወጪውን ሳታውቁ አትግቡበት። በሰከንድ 8 ሜጋቢት (ማለትም አንድ ሜጋባይት) የሚወስድ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 3.6 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ አንድ ሺህ ሰው እስከ መጨረሻው ካየው ከሰርቨራችሁ 3,600 ጊጋባይት ይወጣል ማለት ነው። ያን የሚከፍለው በትልልቆቹ መድረኮች ማስታወቂያው ነው፣ በራሳችሁ ሰርቨር ግን እናንተ ናችሁ። ፒርቲዩብ ይህን ለማቅለል ተመልካቾች የሚያዩትን ምስል እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ያደርጋል። ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ተመልካች ይህ ችግር የለውም፤ በሜጋባይት ጥቅል እየገዛ ለሚያይ የደሴ ወጣት ግን ሳያውቀው ጥቅሉን ይበላበታል። ቅብብሉን ከሰርቨሩ ማስተካከያ ላይ ማጥፋት ይቻላልና ለአገር ቤት ተመልካች የምታሳዩ ከሆነ አጥፉት። እኔ ፒርቲዩብን የምመክረው ለማኅደር ነው፤ ሥራችሁ ሁሉ በራሳችሁ አድራሻ የሚገኝበት ቦታ አድርጉት እንጂ አዲስ ተመልካች ያመጣልናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ቪሜዮ የተባለው የቪዲዮ መድረክ በ2013 እ.ኤ.አ. የከፈተው የፊልም መሸጫ ከሽያጩ 90 በመቶውን ለሠሪው የሚተው በመሆኑ ብዙ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ተጠቅመውበታል፤ ዳያስፖራ ላይ ላለ በካርድ ለሚከፍል ተመልካች ምቹ ነው። እሱም ቢሆን በ2025 እ.ኤ.አ. ቤንዲንግ ስፑንስ ለተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ በ1.38 ቢሊዮን ዶላር ተሸጧል። መጥፎ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቤቱ ባለቤት እንደሚቀይር ግን እወቁ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ኔቡላ ነው። በዩቲዩብ ላይ ትምህርታዊ ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው በ2019 እ.ኤ.አ. የጀመሩት በወርኃዊ ክፍያ የሚታይ መድረክ ሲሆን፣ ከሚገኘው ትርፍ ሠሪዎቹ በታየላቸው ሰዓት መጠን ይካፈላሉ። ልብ በሉ፣ ዩቲዩብን ትተው አልሄዱም። በዩቲዩብ ገበያ ቆመው ዕቃቸውን ያሳያሉ፣ የወደደውን ሰው ወደ ቤታቸው ይጋብዛሉ። እናንተስ አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ፣ አንድ ሰርቨር ተከራይታችሁ፣ አንድ የደንበኛ መዝገብ ይዛችሁ እንደዚህ የማታደርጉት ለምንድን ነው? እዚህ ያለው በቴሌብር፣ ውጭ ያለው በካርድ ይከፍላል። የሚያስቸግረው ቴክኒኩ ሳይሆን ገንዘብ ሲመጣ አለመጣላት ነው፤ ስለዚህ የድርሻ ስምምነቱን ገንዘብ ሳይመጣ በፊት በወረቀት ተፈራረሙ።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ አንድ የእኛን ሰው ላንሳ። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተሰኘውን ፊልሙን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉት። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት በራሳቸው ተከራይተው ከዋሽንግተን ጀምረው ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት፤ ወሬው በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ በሰው አፍ እየተላለፈ አዳራሹ ሳምንት ከሳምንት ይሞላ ነበር። ቆየት ብለው ደግሞ በዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጽሐፍ መደብር ከፈቱ። ፊልሙ የእነሱ ሆኖ ቆየ። ዛሬ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሌላ ቦታ ወገኖቻችን አዳራሽ አላቸው፤ አዲስ አበባም የወጣት ማዕከል አዳራሽ በቀን ይከራያል። አንድ ምሽት ሰማንያ ሰው ትኬት ገዝቶ ቢገባ፣ ከስንት መቶ ሺህ «እይታ» የሚበልጥ ገንዘብና ከሁሉ በላይ የሰማንያ ሰው ፊት ታገኛላችሁ። በር ላይ ደብተሩን አስቀምጡ።

ስለ ስምም ላክልበት። ቻናላችሁ በዘመድ ስም የተከፈተ ከሆነ በመድረኩ ዓይን ባለቤቱ ዘመዳችሁ ነው። ዘመድን አምናችሁ ዝም አትበሉ፤ ገቢው የማን እንደሆነ፣ እሱ ቢታመም ወይም ቢጣላችሁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ የይለፍ ቃሉና የማረጋገጫ ቁጥሩም ከአንድ በላይ ሰው ዘንድ የሚደርስ ይሁን። ለምትጠቀሙበት ሙዚቃና ለምትቀዱት ሰው ድምፅም ፈቃዱን በፊርማ ያዙ። እኛ ጥጥ ሲፈትሉ ከቀዳናቸው እማማ ፊርማ ይዘን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የእኛ ደብተር አሁን ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ባልደረባችን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ አዲሶቹን ስሞች በእጇ ትገለብጥና አንዱን ቅጂ እኔ ቤት ትተዋለች። ማስታወቂያ የሚልኩ ድርጅቶች ደብተሩን ሊገዙን ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል፤ ስልኩን የሰጠን ሰው ለፊልሙ ብሎ ነው የሰጠን ብላ መለሰቻቸው። አሠራሩን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ የስልክ ቁጥሮቹን በወረቀት ሸፍነን ገጾቹን እናሳያችኋለን።