በሳምንት 99 ሰዓት የሚሠራው ሰው

ውድ ወጣቶች፣

የጤና ፖሊሲንና የሥራ ገበያን ማጥናት የምትፈልጉ ልጆች ስታገኙኝ ቶሎ የምትጠይቁኝ ስለ ጥናት ርዕስ ነው። "የትኛው ያዋጣል?" ትሉኛላችሁ። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስለ አንድ ቁጥር ላጫውታችሁ።

የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ሕመም የሰዎችን የሥራ ሰዓት ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማወቅ እሞክር ነበር። ውጤቱ ተገላቢጦሽ መጣ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ ሰዓት ይሠራሉ ይላል። እኔም ምክንያት አላጣሁለትም። የሕክምና ወጪ ስላለባቸው ነው ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሴሚናሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማታ ላይ፣ ዳታውን መስመር በመስመር ማየት ጀመርኩ። በሳምንት 99 ሰዓት የሚሠራ ሰው አገኘሁ። ወረድ ስል ሌላ 99። ደግሞ ሌላ። መጠይቁን ፈልጌ ገለጥኩ። ከጥያቄው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ "መልስ ካልተገኘ 99 ይሞላ" ይላል።

ሰዎቹ ብዙ ሰዓት አልሠሩም። ጥያቄውን አልመለሱም፣ በቃ። ሦስቱን ገጽ ቀድጄ ጣልኩ።

ከዚያ ወዲህ መጠይቁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላነብ ሪግሬሽን፣ ማለትም የአንዱን ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካ ስሌት፣ ሠርቼ አላውቅም። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ደግሞ ባዶውን ቦታ አስተካክላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ለምን ባዶ ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ ሙያ ዝም ያለ ሰው እንዲሁ በአጋጣሚ ዝም አይልም። በጣም የታመመው ስልክ አያነሳም። ሥራ ያጣው አድራሻ ይቀይራል። ሆስፒታል የተኛው ቤቱ አይገኝም። እነሱን ትተን የቀሩትን ብቻ ከቆጠርን፣ ይጠቅማቸዋል ብለን የተነሳንላቸውን ሰዎች ራሳቸውን ከጥናቱ አስወጣናቸው ማለት ነው። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹን ዴቪድ ካርድንና አላን ክሩገርን የማከብራቸው በዚህ ነው። የአሜሪካዋ ኒው ጀርዚ እ.ኤ.አ. በ1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች። ሁለቱ ተመራማሪዎች እዚያና በጎረቤት ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ያሉ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። ሰው የሚያወራው ስለ ውጤቱ ነው፤ ጭማሪው ሥራ ቀነሰ የሚል ማስረጃ አላገኙም፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔን የገዛኝ ሌላ ነው። በሁለተኛው ዙር በስልክ ወዳልተገኙት ቤቶች ሰው በአካል ላኩ። ተዘግተው ቢሆንስ? የተዘጋ ቤት ስልክ አያነሳማ። ዝም ብለው ቢያልፏቸው ኖሮ የጠፋው ሥራ ከዓይናቸው በተሰወረ ነበር።

ውጤቱ እንዳሰባችሁት ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኦሪገን ግዛት ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የነበራት የመንግሥት የጤና መድን ቦታ ለሁሉም ስለማይበቃ ዕጣ አወጣች። ወደ 90,000 ሰው ተመዝግቦ ነበር። መድን ያገኘ ሰው ድንገተኛ ክፍል መመላለሱን ይቀንሳል ብለው ብዙዎች ጠብቀዋል። በ40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ከባድ የሕክምና ወጪና ድብርት ቀነሱ። በደም ግፊት ላይ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ግልጽ ለውጥ አልታየም፤ ሥራ በመያዝ ላይም እንዲሁ። መድኑን የሚደግፈው ስለ ወጪው ብቻ አወራ። የሚቃወመው የደም ግፊቱን ይዞ ሮጠ። እናንተ ሁሉንም ጻፉ። ፖሊሲ የሚያወጣ ሰው አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጣችሁ እንኳ፣ በዚያች አምስት ደቂቃ ሁሉንም ንገሩት።

ጆርናሎች ጽሑፋችሁን ይመልሱባችኋል። በእኔም ብዙ ጊዜ ደርሷል። ያስከፋል፣ ያልፋል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልመለስ። ጤናንና ሥራን ለየብቻ አትዩ። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ሰው መድን ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ሰው የማይወደውን ሥራ ለመድኑ ሲል የሙጥኝ ይላል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ብሪጂት ማድሪያን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ እስራት በገዛ ፈቃድ ሥራ መልቀቅን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ ገምተዋል። ሐኪሙ የማያየው፣ የሥራ ገበያ ተመራማሪውም ብቻውን የማይደርስበት ነገር ነው።

እኔ ከሁሉ የወደድኩትን ርዕስ ያገኘሁት ግን ከጽሑፍ አይደለም። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍሉ አጠገብ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሕመምተኛው ለምን እንደሚበዛ ግራ ገባኝና ነርሷን ጠየቅኳት። እጇ ካርድ እየደረደረ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"እነዚህ እኮ መድኃኒት ፈልገው አይደለም" አለችኝ። "ወረቀት ፈልገው ነው።"

ቀጣሪያቸው አንድ ቀን ለቀረ ሠራተኛም የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ቤቱ ተኝቶ ማገገም ሲችል እያሳለ ተራ ይጠብቃል። እኔ በሽታ ብዬ የቆጠርኩት የመሥሪያ ቤት ደንብ ኖሯል። ቀጣዮቹን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት ይህችኑ አንድ ነገር ሳጠና ነው። ጥናቱ ሲታተም በምስጋናው ክፍል መጀመሪያ የሰፈረው የእሷ ስም ነው።