የባለሙያ ምክር፦ ፒክአፕዎን ከኋላ ዝቅ ለማድረግ ባሌስትራውን እሳት አያስነኩት

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፉልን አንባቢ ከአባታቸው የወረሷት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ ቶዮታ ሃይሉክስ አለቻቸው። ባዶዋን ስትቆም ከኋላ ከፍ ስለምትል በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ሊያደርጓት ይፈልጋሉ። አንድ በያጅ «ባሌስትራውን (መኪናዋን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ስፕሪንጎች) አሙቀን እናስተኛዋለን» ሲላቸው፣ ሌላው «አክስሉን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ) እንገልብጠው» ስላላቸው የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የባሌስትራ ብረት ጭነት ሲያርፍበት ተለጥጦ ጭነቱ ሲነሳ ወደ ቅርጹ የሚመለሰው፣ ሲሠራ በከፍተኛ ሙቀት ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ስለለዘበ ነው። በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ከሞቀ ይህ ባሕርይው በዚያው ቦታ ይጠፋል፤ ግራና ቀኙን እኩል ማሞቅም ስለማይቻል መኪናዋ አንድ ጎኗን ታዘማለች። ከደንገጎ ቁልቁለት ተጎትታ ወደ ጋራዤ የመጣች አንዲት ፒክአፕ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም፤ የባሌስትራዋ ዋና ብረት፣ ብረቶቹን አንድ ላይ ከሚያስረው የመሃል ብሎን አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ በእሳት ሰማያዊ ሆኖ በቀረው ቦታ ላይ ተሰብሮ፣ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቅ ነበር። ከባሌስትራው ብረቶች ሁለት ሦስቱን ማውጣትም ዝቅ ያደርጋል፤ ነገር ግን የቀሩት ብረቶች የወጡትን ሸክም ስለሚወስዱ ጭነት ለምትይዝ መኪና አልመክረውም።

ስለ መገልበጡ ከመወሰንዎ በፊት ጋደም ብለው ከሥር ይመልከቱ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ በተቀመጠባቸው መኪኖች፣ ባሌስትራውን ወደ ታች ማዛወር መኪናውን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያወርደው ይችላል። በእርስዎ ዓይነት፣ በሁለት ጎማ በሚነዱት ሃይሉክሶች ግን ባሌስትራው ድሮውኑ ከአክስሉ በታች ስለሆነ፣ ቦታውን ማቀያየር መኪናዋን ይበልጥ ከፍ ያደርጋታል። አክስሉን ራሱን ሆዱን ወደ ላይ ማዞር ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም፤ የዲፈረንሻሉ (በአክስሉ መሃል ሆኖ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ጥርሶች አቀማመጥ ስለሚገለበጥ ወደ ፊት ማርሽ ሲያስገቡ መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ለእርስዎ የሚሆነው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት ማስገባት ነው። ብረቱ ከላይ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ የሚገባ ጡት፣ ከታች ደግሞ የመሃል ብሎኑን ራስ የሚቀበል ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል፤ እነዚህ ከሌሉ ፍሬን ሲይዙ አክስሉ ይንሸራተታል። በቶርኖ ቤት በልክ ይሠራል። እንጨት አይግባ፤ ሁለት ቀጫጭን ብረቶችም አይደራረቡ። ብረቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል ወጥ ውፍረት ካለው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫ አይለወጥም፤ ካዘነበለ ግን ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ) በፍጥነት ሲነዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ክሮቼራውም (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ቶሎ ያልቃል። አክስሉንና ባሌስትራውን አንድ ላይ የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ረዘም ያሉና አዲስ ይሁኑ፤ አንድ ጊዜ በኃይል ተጠብቀው የተለጠጡትን መልሶ መጠቀም ቁጠባ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፍሬኑ ነው። በአንዳንድ ሃይሉክሶች ከሻሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ወደ አክስሉ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ ሻሲው ወደ አክስሉ በቀረበ ቁጥር መኪናው እንደተጫነ ቆጥሮ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ኃይል ይለቃል። መኪናዋን ዝቅ አድርገው ዘንጉን ካላስተካከሉ፣ ባዶዋን እያለች «ተጭኛለሁ» ብላ ታስባለች፤ በደንገጎ ጠመዝማዛ ፍሬን ሲረግጡም የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆልፉና ጀርባዋ ይዞራል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዘንጉና በሻሲው መካከል ያለውን ርቀት ለክተው ይጻፉ፤ ካለቀ በኋላም ያንኑ ልክ ይመልሱ። የፍሬን ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ማርሚታው ከአክስሉ ጋር እንዳይነካካም በዚያው ይታይ።

ከዚያ መኪናዋን በጭነት ይፈትኗት። አምስት ኩንታል ጭነውባት በአክስሉና በሻሲው ላይ ባለው የጎማ ትራስ መካከል የቀረውን ክፍተት ይለኩ፤ ሦስት ጣት እንኳ ካልቀረ፣ የደቻቱን ዓይነት አሸዋማ ወንዝ ስታቋርጥ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሻሲውን ትመታለች ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሻሲውን ከመቁረጥ ይልቅ የብረቱን ውፍረት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱ። ሾክ አብዞርበሩም እስከ መጨረሻው እንዳይታመቅ በዚሁ ጭነት ይታይ፤ ከታመቀ አጠር ባለ ይቀየር።

ዩ ቦልቶቹ የሚጠበቁት ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይጠበቁ። ጀርባዋ ሲወርድ አፍንጫዋ ቀና ስለሚል የፊት መብራቱን ወደ ታች ያስተካክሉት፤ አለዚያ ማታ ወደ ሐረር ሲወጡ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውሩታል።