በእንግሊዝ የወንዝ ዳር መስኮች ላይ የሚታዩት ጉብታዎች ምንድን ናቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሳውዝሃምፕተን ነው። በኢችን ወንዝ ዳር ወደ ዊንችስተር በሚወስደው የእግር መንገድ ስሄድ፣ በግጦሽ መስኩ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ረጃጅም ጉብታዎችና በመካከላቸው ጎድጓዳ መስመሮች አያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ የጥንት እርሻ ትልም ነው ሲለኝ ሌላው የመስኖ ቦይ ነበር ይላል። ዝናብ በማይጠፋበት አገር መስኖ ምን ያደርጋል? ሁለቱንስ በዓይን መለየት ይቻላል?
*አንባቢያችሁ*

መልስ፦ በኢችን ሸለቆ እንዲህ ያለ መስክ ካዩ፣ የመስኖውን ነገር ያነሡት ጓደኛዎ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። መስኖ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው በበጋ የተጠማ ሰብል ማጠጣት ነው። እዚያ ግን ውሃው በዋናነት የሚለቀቀው በብርዱ ወራት ሲሆን፣ ዋናው ዓላማም መሬቱን ከውርጭ ጠብቆ ማሞቅ ነበር። የሃምፕሻየር፣ የዊልትሻየርና የዶርሴት ወንዞች ከጠመኔ ድንጋይ ሥር ከሚፈልቁ ምንጮች ስለሚነሡ፣ ከምንጩ የሚወጣው ውሃ በጋ ከክረምት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ሣር ደግሞ ማደግ የሚጀምረው አፈሩ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ይህ ውሃ በስሱ ሲፈስበት የከረመ መስክ ከጎረቤቱ ቀድሞ ይለመልማል፤ የከረመው ድርቆሽ በሚያልቅበት በመጋቢት ወርም ለበጎች የሚሆን ለምለም ሣር ይገኝበታል። በጎቹ ቀን እዚያ ውለው ማታ በእርሻው ላይ በተተከለ ጉረኖ ስለሚያድሩ፣ የመስኩ ሣር በፍግ መልክ ወደ ስንዴውና ወደ ገብሱ ይሻገር ነበር። በእኔ ግምት የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ለሣሩ የተደከመው ድካም መጨረሻው ለእህሉ ነበርና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንዙ በግድብ ይጠለፍና ውሃው በዋና ቦይ ይመጣል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ጉብታ አናት ላይ ወደተቆፈረ ትንሽ ቦይ ይገባል። ይህ ቦይ እየጠበበ ስለሚሄድ ውሃው በሁለቱም ጎን ሞልቶ እየፈሰሰ በሣሩ መካከል ይወርዳል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ መስመርም ተቀብሎት ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። ውሃው ከቆመ ሣሩን ስለሚያፍነው መንቀሳቀስ ነበረበት። ይህን የሚቆጣጠረው ሰው በአገራችን የመስኖ ልማድ ከምናውቀው የውሃ አባት ጋር በመጠኑ ይቀራረባል፤ የመዝጊያ ሳንቃዎችን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ በአካፋም ቦዩን ይጠርጋል።

መለያውም ከዚሁ ይገኛል። በበሬ የታረሰ የጥንት ማሳ ጉብታ አናቱ ድፍን ነው፤ ብዙ ጊዜም በሬዎቹ ዳር ላይ ከሚዞሩበት አቅጣጫ የተነሣ በስሱ ይጠማዘዛል፤ በተዳፋት መሬት ላይም ይገኛል። የመስኖው ጉብታ ግን ከወንዙ ጎን ባለው ረባዳ ሜዳ ላይ ይሆናል፤ አናቱን ቀረብ ብለው ሲያዩት የተደፈነ ቦይ የተወው ቀጭን ስርጉድ አለው፤ መስመሮቹም ከአንድ ግንድ እንደወጡ ቅርንጫፎች ከዋናው ቦይ ይነሣሉ። በቦዩ አፍ ላይ ሳንቃ የሚገባበት ጎድጎድ ያለው የጡብ ወይም የድንጋይ ግንብ ካገኙ ጥርጣሬው ያበቃል። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ማለዳ ሄደው ቢያዩ ጥላው ሁሉንም ያወጣዋል።

በኤክስሙር ተራሮች ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ ቦዮቹ ኮረብታውን ተከትለው አግድም ስለሚሄዱ፣ ላይኛው ሲሞላ ቁልቁል ይፈስና ታችኛው ይቀበለዋል። አንዳንዶቹ ውሃውን በበረት በኩል ያሳልፉት ስለነበር ፍጉን አብሮ ያወርደዋል።

ዘዴው በሰፊው የተስፋፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሮውላንድ ቮን የተባለ የሄርፎርድሻየር ባለርስት በ1610 እ.ኤ.አ. ስለ ውሃ ሥራው ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐሳቡ የመጣለት ፍልፈል በወንዝ ዳር የቆፈረችው ጉድጓድ ውሃ አፍስሶ በታቹ ያለው ሣር ሲለመልም አይቶ እንደሆነ ይተርካል። ከ1870ዎቹ በኋላ ግን የእህል ዋጋ ወደቀ፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ መጣ፣ የጉልበት ዋጋም ከበደ፤ አብዛኛው መስክ ተተወ፣ ብዙውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ታርሶ ተደለደለ።

በቤትዎ ሆነው ማጣራት ከፈለጉ፣ ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካው የእንግሊዝ መሬት ገጽታ በነፃ ይገኛል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታዎችም ብዙዎቹን ቦዮችና መዝጊያዎች ያሳያሉ። ሥራውን በተግባር ማየት ከፈለጉ ሳልስበሪ አጠገብ ያለው የሃርናም መስክ ዛሬም ውሃ ይለቀቅበታል።