ልጄ 29ኛ ወጣች፤ ክፍል ትድገም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የጀበና ቡና እሸጣለሁ። ልጄ 5 ዓመት ከ4 ወሯ ነው፤ የግል ኬጂ ትማራለች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ሒሳብ ከ100 38 አግኝታ፣ ከ32 ልጆች 29ኛ ወጣች። ቲቸሯም «መቁጠር አትችልም፤ ብትደግም ይሻላል» አለችኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ግን እኔ ጋ ሲኒ ታቀርባለች፤ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ታውቃለች፤ ሲኒ ሲጎድል «አንድ የለም» ብላ ትፈልጋለች። የቱን ልመን? ቤት ውስጥ ከአያቷ ጋር የምታወራው በሲዳሙ አፎ ነው፤ ይሄስ ጎድቷት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ካርዱ አልዋሸም፤ ግን ያየው ጥቂት ነው። እዚሁ ሐዋሳ ብዙ ዓመት ኬጂ ስላስተማርኩ የፈተና ወረቀቱን አውቀዋለሁ። አምስት ፊኛ ተስሏል፤ ከጎኑ ባዶ ሳጥን አለ። ልጅቷ እርሳስ መያዝ፣ 5ን ሳትገለብጥ መጻፍ፣ በአማርኛ የተባለውን መረዳት፣ ብቻዋን ዝም ብላ መቀመጥ አለባት። አንዱ ከጎደለ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ካርዱ ላይ ግን «አትችልም» ተብሎ ይነበባል።

የሲኒው ነገር ደስ ብሎኛል። በእርግጥ ረከቦቱ ላይ ባዶውን ቦታ በዓይኗ አይታም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሞክሪ። ደንበኛ ሲቀንስ 6 ሲኒ ደርድሪና አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ 2ቱን በነጠላሽ ሸፍነሽ «ስንት ተደበቀ?» በያት። ከጠፋት መልሱን አትንገሪያት፤ «መጀመሪያ ስንት ነበሩ?» ብቻ በያት። በዚያች ፍንጭ ከደረሰችበት፣ ፈተናው ያላየውን አየሽ ማለት ነው።

ይሄን ከኪሴ አላወጣሁትም። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ከመሞቱ በፊት፣ ስለ ሁለት ልጆች ጽፏል። ብቻቸውን ሲፈተኑ ሁለቱም የ8 ዓመት ልጅ ጥያቄ ይሠራሉ። ትንሽ ሲታገዙ ግን አንዱ እስከ 9፣ ሌላው እስከ 12 ዓመት ልጅ ጥያቄ ይደርሳል። እነዚህ ልጆች እኩል ናቸው? እሱ አይደሉም ነው ያለው፤ እኔም አይደሉም እላለሁ።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 «ቴ ፋሪኪ» የተባለ የሕጻናት ሥርዓተ ትምህርት አወጣች። ማርጋሬት ካር የምትባል ምሁር ደግሞ ከዚያ ጋር የሚሄድ ምዘና አዘጋጀች። መምህራን ነጥብ በመስጠት ፈንታ የልጁን ውሎ በአጭር ታሪክ ይጽፋሉ፦ ምን ሳበው? ሲከብደው ጸና ወይ? ሐሳቡን እንዴት ገለጸ? ኃላፊነት ወሰደ ወይ? ቤተሰብም ይጽፍበታል።

አንቺም ደብተር ያዢ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ማታ 6 ሰው መጣ። 5 ሲኒ ይዛ ሄደች። ቆም አለችና ‹ኦንቴ› (በሲዳሙ አፎ አምስት) ብላ ተመልሳ አንድ ጨመረች። ማንም አልነገራትም።» በቃ፣ ይሄ ይበቃል። «ጎበዝ ናት» ብለሽ አትጻፊ፤ ያደረገችውን ብቻ ጻፊ።

ቋንቋው አልጎዳትም። በሲዳሙ አፎ የቆጠረ ልጅ ቆጥሯል። ቲቸሯ ግን ይሄን ላታውቅ ስለምትችል ንገሪያት፤ በሁለቱም ቋንቋ፣ ጠጠር ወይም ቆርኪ እያስያዘች ትጠይቃት። ደግሞ በቲቸሯ አትፍረጂባት። 32 ልጅ ይዛለች፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ካርድ ይፈልጋል፤ እኛ ወላጆችም «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ነው የምንለው። በ5 ዓመት ልጅ ላይ ደረጃ ማውጣት ግን ልቤን ያሳዝነዋል። 29ኛነቷ ስለ መቁጠሯ ምንም አይነግርሽም።

አንድ ነገር ግን ችላ አትበዪ። ከኋላዋ ስትጠሪያት የማትዞር ከሆነ ወይም ወረቀት ዓይኗ ሥር የምታስጠጋ ከሆነ ሐኪም ይያት።

በአንድ ፈተና ብቻ ግን አትድገም። ሦስት ሳምንት ያህል ጽፈሽ ደብተሩን ለቲቸሯ አሳዪያት። ያኔም «ትድገም» ካለች፣ በምን እገዛ ምን እንዳቃታት በጽሑፍ ትስጥሽ። ወረቀቱን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።