ከቧንቧው ሥር ያለው ቀለበት

ልጆቼ፣

ስለ ጥቁር ጉድጓድና ስለ ስበት ማጥናት እንፈልጋለን የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። "ከየት ልጀምር?" ትሉኛላችሁ። እኔ ከማድ ቤት ጀምሩ እላለሁ።

ጠፍጣፋ ሳህን ገልብጣችሁ ቧንቧ ሥር አድርጉ። ውሃውን በቀጭኑ ልቀቁት። ውሃው ካረፈበት ነጥብ ዙሪያ ስስ ሆኖ ይሮጣል። ትንሽ ራቅ ሲል ድንገት ይወፍርና ክብ ቀለበት ይሠራል። አሁን የመርፌ ጫፍ ከቀለበቱ ውስጥ ንከሩ። ጀልባ ከኋላዋ እንደምታስከትለው ያለ የ"ቪ" ቅርጽ ታያላችሁ። መርፌዋን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀለበቱ ስታስጠጉ ቪው እየሰፋ ይሄዳል። ቀለበቱን ስታልፉ ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀለበቱ ውስጥ ውሃው በላዩ ከሚሄደው ሞገድ ይፈጥናል፤ ከውጭ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ከውጭ የተነሳ ሞገድ የቱንም ያህል ቢታገል ወደ ውስጥ አይገባም። ጥቁር ጉድጓድ የገባውን አያስወጣም፤ ይህ ተገላቢጦሹ ነው፣ ነጭ ጉድጓድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህንኑ የቪ ማዕዘን በጥንቃቄ ለክተው አሳትመዋል።

የዚህን ሐሳብ መሠረት የጣለው ካናዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊሊያም ኡንሩ ነው። መጀመሪያ ጥቁር ጉድጓድን ለሰው ለማስረዳት የፏፏቴ ምሳሌ ይጠቀም ነበር። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ምሳሌው ቶሎ ይገባዋል። ዓሣ ወደ ገደሉ እየተወሰደች ትጮሃለች። ውሃው ከድምፅ ፈጥኖ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ጩኸቷ ወደ ላይ አይደርስም ነበር። ዓመታት አለፉ። ኡንሩ የፈሳሽ እንቅስቃሴን ሲያስተምር ቀመሮቹን ደግሞ አያቸው፤ በሚፈስ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ድምፅ የሚታዘዝበት ቀመር፣ ስበት ባጎበጠው ቦታና ጊዜ ውስጥ ያለ ሞገድ የሚታዘዝበት ራሱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመው። ለአሥር ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር።

ጥቅሙ ምን ነበር? እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሃውኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ጥቁር ጉድጓድ እንደሚሞቅና ጨረር እንደሚያወጣ አስልቶ ነበር። ችግሩ፣ የፀሐያችንን ያህል ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ሙቀቱ 0.00000006 ኬልቪን ገደማ ብቻ ነው (ኬልቪን ከመጨረሻው ቅዝቃዜ ተነስቶ የሚቆጥር የሙቀት መለኪያ ነው)። ሰማዩ ራሱ 2.7 ኬልቪን ነው። ይህን በቴሌስኮፕ እናያለን ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ፈሳሽ ግን እጃችን ላይ አለ፤ ቀመሩ አንድ ከሆነ ደግሞ ከድምፅ የሚፈጥን ፍሰትም ተመሳሳይ ጨረር፣ በድምፅ ሞገድ መልክ፣ ማውጣት አለበት። እስራኤል ውስጥ ሃይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪው ጄፍ ስታይንሃወር እጅግ የቀዘቀዙ የሩቢዲየም አቶሞችን ከድምፅ አፍጥኖ በማስፈስ ይህን ጨረር ሲፈልግ ብዙ ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከቡድኑ ጋር ያሳተመው ሙቀት ከስሌቱ ጋር የተስማማ ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ የአንድን እንዲህ ያለ ፍሰት የጨረር ሙቀት፣ ፍሰቱን በነጥቦች ከፋፍዬ፣ በኮምፒውተር አሰላሁ። ጥሩ ቁጥር ወጣልኝ። አራት ወር ሙሉ በዚያ ቁጥር ላይ ገነባሁ። አንድ ቀን አብሮኝ የሚማር ልጅ "ነጥቦቹን እጥፍ አድርገህ ሞክረኸዋል?" አለኝ። አልሞከርኩም ነበር። ያን ማታ ሞከርኩ፤ ሙቀቱም እጥፍ ሆነ። ነጥቦቹን እንደገና አበዛሁ፤ እንደገና እጥፍ። ላቤ መጣ። ሙቀቱን የሚወስነው የፍሰቱ ፍጥነት ሳይሆን ፍጥነቱ ወሰኑ ላይ፣ ማለትም ፍሰቱ ድምፅን በሚያልፍበት ቦታ፣ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ ነው። እኔ ደግሞ ፍጥነቱ ባንድ ጊዜ እንዲዘል አድርጌ ጽፌው ነበር። ስለዚህ ያ ያማረ ቁጥር የፈሳሹ አልነበረም፤ በነጥቦቼ መካከል ያለው ርቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ውጤት ደስ ባለኝ ቁጥር በመጀመሪያ የማደርገው ነጥቦቹን ማብዛት ነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ በተለይ ውጤቱ የጠበቃችሁት ሆኖ ሲገኝ።

ምሳሌ የት ላይ እንደሚያበቃም እወቁ። ውሃው ሞገድ በጎበጠ ቦታ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያችኋል። ቦታው ራሱ ለምን እንደሚጎብጥ ግን አይነግራችሁም። የአንስታይን ቀመር ክብደትና ኃይል ቦታን እንዴት እንደሚያጎብጡ ይናገራል፤ ውሃ ለዚያ ቀመር አይታዘዝም፣ ለራሱ ሕግ ነው የሚታዘዘው። ይህን ልዩነት ዘለው "በቤተ ሙከራ ጥቁር ጉድጓድ ተሠራ" የሚሉ ርዕሶች ያሳዝኑኛል፤ የተሠራውን እውነተኛ ሥራ ይሸፍኑታልና።

ስለዚህ የፈሳሽ ትምህርትን "ይሄ የኢንጂነሮች ነው" ብላችሁ አትዝለሉ። ከአንጻራዊነት፣ ከአንስታይን የስበት ትምህርት፣ ጎን ለጎን ተማሩት። የሒሳብ መጽሐፍ ስታነቡ እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ፤ "እንደሚታየው" የሚል ቃል ስታገኙ ቁሙና ራሳችሁ አውጡት። አንዳንዱ መስመር ሳምንት ይወስድባችኋል። ይውሰድ።

እስከዚያው ወደ ሳህኑ ተመለሱ። ከላይ ሆናችሁ ቪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በፕሮትራክተር ማዕዘኑን ለኩና ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ውሃው እዚያ ቦታ ላይ ከሞገዱ ሁለት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚያ መርፌዋን ግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ውጭ አውጡና እንደገና ለኩ። ደብተር ላይ ጻፉት፤ ቀለበቱ ጋ ስትደርሱ ግማሹ ማዕዘን ስንት እንደሚሆን ከመለካታችሁ በፊት ገምቱ።