ቤት ለቤት ለምትሠሩ ወጣት ነርሶች

ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ በሰዓት ይገባል፣ በሰዓት ይወጣል፤ አልወጣም ካለ ጥበቃ አለ። ሰው ቤት ስትሄዱ ግን እንግዶቹ እናንተ ናችሁ። ጫማ አውልቁ ከተባላችሁ ይወለቃል። ቡና ተፈልቶ ከጠበቃችሁ ቢያንስ አቦሉን ቀምሳችሁ ነው የምትሄዱት። ይሄ ያልገባው ነርስ እጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሁለተኛ አይጠራም።

እኔ ይሄን ሥራ የለመድኩት ነፃው የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ነው። ያኔ ብዙ ሰው ቤቱ ተኝቶ ነበር የሚታመመው፣ እኛም ከእድር ሰዎችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በየጓዳው እንዞር ነበር። የምንሰጠው መድኃኒት ይሄን ያህል አልነበረም። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ አስታማሚዋን ማሠልጠን፤ ሥራችን ይሄ ነበር። ዛሬ ዕቃው ሁሉ ተሟልቶላችኋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ይቺ የመጨረሻዋ እየተረሳች ነው።

አስቡት እስኪ። እናንተ ብትቆዩ አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን 23 ሰዓት ማን አለ? ስለዚህ ገና ግፊት ሳትለኩ "ሌሊት አብሯቸው የሚያድረው ማነው?" በሉ። ብዙ ቤት ገንዘቡን የሚልከው ልጅ አሜሪካ ነው፣ ትዕዛዝ የምትሰጠው እህት ሳሎን ተቀምጣለች፣ ሌሊት የምትነሳው ግን ማንም ምንም ያላስረዳት የቤት ሠራተኛ ናት። እሷን ያዙ። ስሟን ጠይቁ፣ ከእሷ ጋር ሥሩ።

ስትሮክ የመታቸው አባት ከሆኑ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥን አሳዩዋት። መናገር ብቻ አይበቃም፤ እናንተ ቁሙ፣ እሷ ታገላብጥ። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት በየቀኑ ይታይ። ትምህርት ቤት "ቀይ ቦታ ፈልጉ" ተብላችኋል፤ የእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ከሌላው ጠቆር፣ ሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካለ በእጃችሁ ዳብሱ፣ እሷም ትዳብስ። ቫዝሊን ቀብተው ማሸት የሚወዱ አክስቶች አሉ፣ በፍቅር ነው፣ ግን የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ሰው ፊት አትቆጧቸው፤ ሌላ ሥራ ስጧቸው። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ ከሆነ ደግሞ ከወገብ በላይ ቀና ተደርገው ይመገቡ፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆዩ።

ስኳር ያለባቸው እናቶች ጋ ስትሄዱ ስለ ጾም ጠይቁ። እንዳትገሥጹ ብቻ። ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩ አሉ፣ ከዚያ ስኳራቸው ይወርድና ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይመጣል፣ ቤተሰቡም ሌላ ነገር ይመስለዋል። የእናንተ ምክር ካልሠራ የንስሐ አባታቸው ያግዟችሁ፣ አንድ ቃል ከእሳቸው ይበቃል። የኢንሱሊኑን መጠን የሚቀይረው ግን ሐኪሙ ነው። ፍሪጅ የለም ብላችሁም አትጨነቁ፤ የተከፈተ ኢንሱሊን ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ሸክላ ማሰሮም ይረዳል። በረዶ መሥሪያው ውስጥ ከገባ ግን ይጣል። ያገለገለ መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ሰፈር ውስጥ ነርስ መሆናችሁ ከታወቀ ለጉንፋን ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ገዝቶ "ሲስተር፣ ቶሎ ውጊኝ" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትውጉ። ጉንፋኑን አያድነውም፣ አለርጂ ከተነሳ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይዘጋል፣ እናንተ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ያንን የሚመልሰው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ የለም። ይቆጣሉ፣ ኮራች ይላሉ፣ "የእገሌ ልጅ ትወጋ የለ እንዴ" ይሏችኋል። ይበሉ። ጤና ጣቢያ አብራችሁ እንደምትሄዱ ንገሯቸውና ነጠላችሁን ይዛችሁ ተነሱ።