ነፃ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትና ጥራቱ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በታዳጊ አገሮች የትምህርት ክፍያ ሲነሳ ተማሪው ይበዛል፣ ጥራቱም ይወድቃል ይባላል። ሁለቱን አጣጥሞ ማስኬድ በእርግጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ስጋቱ ግን ከባዶ የመጣ ስላልሆነ ላቃልለው አልፈልግም። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ክፍያን ስታስቀር 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የተማሪ ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን የተጠጋ ሲሆን፣ አገሪቱም ክፍሎቹን ለመሸፈን 20 ሺህ ያህል ሥልጠና ያልወሰዱ መምህራንን ለመቅጠር ተገድዳለች። ኡጋንዳም በ1997 በአንድ ዓመት ልዩነት ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነሥታ 5 ሚሊዮንን አልፋለች። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ጥራት ሳይጎዳ ቢቀር ነበር የሚገርመው።

ይሁንና «አማካይ ውጤት ወረደ» ሲባል አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቀደም ሲል ውኃ ስትቀዳና ከብት ስትጠብቅ ትውል የነበረች ልጅ ለፈተና ስላልተቀመጠች፣ ማንበብ አለመቻሏ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይታይም ነበር። ክፍያው ሲነሳ ወደ ክፍል ገባችና ተቆጠረች። ስለዚህ ከውጤቱ መውረድ ከፊሉ የትምህርት መበላሸት ሳይሆን ተሸፍኖ የኖረ ችግር መገለጥ ነው። ቀሪው ግን እውነተኛ ጉዳት ነው። የዓለም ባንክ በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚኖሩ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ነበር። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በየዕለቱ ትምህርት ቤት የሚውሉ መሆናቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ከማንሳት ይልቅ ቀስ በቀስ ማድረግ አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ሌሶቶ ይህንኑ መንገድ መርጣለች፤ በ2000 ከ1ኛ ክፍል ጀምራ በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍል እየጨመረች ነፃ አድርጋለች። መምህር ለማሠልጠንና ክፍል ለመሥራት ፋታ የሚሰጥ አሠራር ነው። በአንጻሩ ከፍ ያለ ክፍል ላይ ሆነው ክፍያ አቅቷቸው ያቋረጡ ልጆች ተራው እስኪደርሳቸው መጠበቅ አይችሉም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል፣ የልጅነት ዕድሜ ስለማይመለስ በአንድ ጊዜ መክፈቱን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን በሩ ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ የመምህራኑ ቅጥርና የመጻሕፍቱ ኅትመት መጀመር አለበት።

ጥያቄ፦ ትምህርት ነፃ ነው ከተባለ በኋላም ትምህርት ቤቶች በተለያየ ስም ገንዘብ ይሰበስባሉ። ምክንያቱ ስግብግብነት ነው?

መልስ፦ አልፎ አልፎ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። መንግሥት የሚመድበው በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ስለሚውል፣ ጠመኔ፣ የጥገናና የጥበቃ ወጪ ይሸፈን የነበረው ወላጆች ከሚከፍሉት ነበር። ያንን የሚተካው በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከዋጋ ንረት ጋርም አብሮ አያድግም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። በኡጋንዳ ከ1991 እስከ 1995 የነበረውን ሁኔታ የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመደበው ድጎማ በአማካይ ትምህርት ቤቶች የደረሳቸው 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚልከውን የገንዘብ መጠን በጋዜጣና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ማሳወቅ ሲጀምር፣ ሌሎች ማሻሻያዎችም ታክለውበት፣ የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ወላጅ ምን ያህል እንደተላከ ካወቀ ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ ይችላል፤ ርዕሰ መምህሩም ከበላይ አካል ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። 1ኛ ክፍል 90 ልጆች አስተምራለሁ። ስለ ጥራት ሲወራ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ስማቸውን እንኳ ለይቼ አልጨረስሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ ልንገርዎት። በብዙ አገሮች ልምድ ያለው መምህርና አነስ ያለ ክፍል የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ለሚወስዱት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ሲሆን፣ ፊደል ለሚቆጥሩት ሕፃናት የሚተርፈው የተጨናነቀ ክፍልና ጀማሪ መምህር ነው። ለእኔ የነፃ ትምህርት ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚያብጠው ከታች ሆኖ ሳለ ጥንካሬውን ከላይ አከማቸነው። ርዕሰ መምህራን ገንዘብ ሳይጨመርላቸው ዛሬውኑ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር በመሆኑም ይበልጥ ይቆጨኛል።

በእርስዎ ክፍል ግን የሚቻል ነገር አለ። እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ ጠርተው ፊደል፣ ቀጥሎ ቃል፣ ቀጥሎም አጭር ዓረፍተ ነገር ያስነብቡት፤ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ልጆችን ቢያዩ በሳምንታት ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳሉ። ከዚያም በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በሚችሉት ልክ መድበው ያስተምሩ፤ ባልደረቦችዎ ከተስማሙ ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል ጋር አጣምሮ መመደብም ይቻላል። ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ይህን ዘዴ ለዓመታት ሠርቶበታል። በኬንያ 121 ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ጥናትም፣ 1ኛ ክፍልን በችሎታ ለሁለት መክፈል ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም ልጅ እንደሚጠቅም አሳይቷል። አደራ የምልዎት፣ ምድቡ በልጁ ላይ የተለጠፈ ስም ሆኖ እንዳይቀር በየጊዜው እየፈተኑ ያዘዋውሯቸው።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ቢሟላ ግማሹ ችግር አይቃለልም?

መልስ፦ እኔም ድሮ እንዲህ አስብ ነበር። በ1990ዎቹ በኬንያ ገጠር የተደረገ ጥናት ግን መጻሕፍት ሲታደሉ ውጤታቸው የተሻሻለው ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ተማሪዎች ብቻ እንደሆነ አረጋግጧል። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። መጽሐፉ በእጃቸው አለ፤ ሊያነቡት ግን አይችሉም። በዚያው አገር በ2015 የተጀመረው ቱሶሜ የተባለው የንባብ መርሐ ግብር የተለየ ውጤት ያገኘው፣ ለልጅ የሚታደለውን መጽሐፍ ዕለታዊ ትምህርቱን ከሚመራ የመምህር መምሪያ ጋር ስላጣመረና ክፍል ድረስ ገብተው መምህሩን የሚያግዙ ሱፐርቫይዘሮችን ስላሰማራ ነው።

ጥያቄ፦ አቅም ያለው ወላጅ ይክፈል፣ ድሃው ነፃ ይማር ቢባልስ?

መልስ፦ ድሃውን ከሌላው የሚለየው ማን ነው? የድህነት ማስረጃ የሚጠይቅ አሠራር ማስረጃውን ማምጣት የማይችለውን ቤተሰብ ቀድሞ ያስቀራል፤ ክፍያ ባለበት ቤትም ብዙውን ጊዜ የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት። አቅም ያለው በግብር በኩል ይክፈል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ በ2015 በደቡብ ኮሪያዋ ከተማ በኢንቾን ለዓለም የትምህርት ጉባኤ የተሰበሰቡት አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ ከ4 እስከ 6 በመቶ፣ ወይም ከመንግሥት ወጪ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለትምህርት እንዲውል ተስማምተዋል። ከዚህ በታች ያለ መንግሥት አቅም የለኝም ከማለቱ በፊት ቅድሚያ የሰጠው ለምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። በሌላ በኩል ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ክፍል በመድገም ነው። 6 ዓመት የሚፈጀውን ደረጃ አንድ ልጅ በ8 ዓመት ከጨረሰው መንግሥት ለ6 ዓመት ትምህርት የ8 ዓመት ወጪ ይከፍላል፤ 1ኛ ክፍል የተጨናነቀውም በከፊል በደጋሚዎች ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ለንባብ የሚወጣው ገንዘብ ውሎ አድሮ ወንበር ያስለቅቃል። ጥራትና ተደራሽነት የሚሻሙ ብቻ መስለው ለሚታዩት ሁሉ ይህን ስሌት ደጋግሜ ላሳያቸው እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ ወላጅ ነኝ፤ ራሴ ብዙ አልተማርሁም። የልጄ ትምህርት ቤት በሚገባ እያስተማረ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጅዎ 2ኛ ክፍልን ሲጨርስ ከዚህ በፊት ያላየውን ጽሑፍ ይስጡትና ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት ያድርጉ። የራሱ መጽሐፍ አይሁን፤ ልጆች ገጹን በቃላቸው ይዘው የሚያነቡ ይመስላሉ። ሲጨርስ ስለ ምን እንደሆነ በራሱ አነጋገር ይንገርዎት። ካልቻለ አይቆጡት፤ በማግሥቱ ወደ መምህሩ ሄደው ያዩትን ይንገሩት፣ ሌሎች ወላጆችም ይህንኑ እንዲሞክሩ አድርገው በወላጆች ስብሰባ ላይ አብራችሁ አንሡት።